ዛጎል፦ የባሕር እንስሳ፣ የአንቀልባ ጌጥ

ዛጎል በሞቃት ባሕሮች የሚኖር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ነው። በዓለም ታሪክ ስሙ የገነነው ዝርያ በሳይንስ ሞኔታሪያ ሞኔታ ይባላል። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ሲመዘግበው «ሞኔታ» (በላቲን ገንዘብ) ያለው ገንዘብነቱን አይቶ ነው። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከ3 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ አንሥቶ እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች ይገኛል።

እንስሳው ቀን በድንጋይና በኮራል ስንጥቅ ተሸሽጎ ይውልና ሌሊት አልጌ ሊግጥ ይወጣል። በዚያን ጊዜ ለስላሳ ሥጋው ከግራና ከቀኝ ተዘርግቶ ቅርፊቱን እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል። ዛጎል ማንም ሳይወለውለው የሚያብረቀርቀው በዚህ ልባስ ነው። በልጅነቱ ከንፈሩ ቀጭንና ክፍት ነው፤ ሲጎለምስ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ጥርስ ያወጣል፣ ርዝመቱም ከዚያ በኋላ አይጨምርም። እናቲቱ እንቁላሎቿን በሰውነቷ ሸፍና ትጠብቃለች።

በገንዘብነቱ ከቻይና እስከ ምዕራብ አፍሪካ ተገበያዩበት፤ የጋና ሴዲ ስሙን ያገኘው በአካን ቋንቋ ከዛጎል መጠሪያ ነው። ዋነኛው ምንጭ የማልዲቭ ደሴቶች ነበሩ። የአውሮፓ መርከቦች ከዚያ የተለቀመውን ዛጎል ለምዕራብ አፍሪካ ባሪያ ነጋዴዎች ከፍለው ሰው ገዝተውበታል። ይህን ጌጥ በእጁ የያዘ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ታሪክ ነው።

በኢትዮጵያ ደጋ የመገበያያውን ቦታ አሞሌ ጨው ሲይዝ ዛጎል የታወቀው በጌጥነቱ ነው፤ ዕጣ ፈንታ ለማየት የሚጥሉትም አሉ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም የጅቡቲ መንገድ ከተማ ናት፣ ዛጎልም ለአካባቢዋ እንግዳ አይደለም። በኦሮምኛ እለላ ይሉታል፤ በቆዳ ልብስ፣ በወተት ዕቃና በአንቀልባ ላይ ይሰፋል።

የአንቀልባውን ዛጎል ቀረብ ብላችሁ እዩት። ወደ እናንተ የዞረው ጥርሳም ስንጥቅ እንስሳው በሕይወት ሳለ ድንጋይ ላይ የሚያሳርፈው ሆዱ ነው። ጀርባው ክር እንዲያልፍበትና ቆዳው ላይ እንዲተኛ ተቆርጧል። የቅርብ ዘመዱን ሞኔታሪያ አኑለስን ከእርሱ የሚለየው ብርቱካናማ ቀለበት ያለው ጀርባው ላይ ስለሆነ፣ ከተሰፋ በኋላ ሁለቱን መለየት ለባለሙያም ያስቸግራል።