ሳሎን ውስጥ ያለው ቦምብ ጣይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ውስጥ የፕላስቲክ ሞዴል አውሮፕላን የሚገጣጥም ሰው ብዙ የለም። ስለ ሞዴል አስተያየት የሚሰጥ ግን ሞልቷል። ጠረጴዛው ላይ ያለው የ1/32 ስኬል ቢ-17 ጂ፣ ማለትም ባለ አራት ሞተሩ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ ከሆነ ደግሞ አስተያየቱ ይብሳል። 1/32 ማለት ከእውነተኛው 32 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። የእውነተኛው ክንፍ ከጫፍ ጫፍ 31.6 ሜትር ስለሆነ፣ የሞዴሉ ወደ 99 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር ከእንግዳ ዓይን አይሰወርም፤ እንግዳ ደግሞ ቡናው እስኪፈላ ዝም አይልም።

«ያኔ ደሴን የደበደበው ይኼ ነው»

አይደለም። ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን የደበደበው ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋ ውስጥ ነበሩ፤ በአሜሪካ ሚሲዮናውያን የሚመራው ሆስፒታልም ተመትቷል። ቢ-17 ግን የአሜሪካው ቦይንግ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ናሙና የበረረው ከድብደባው አራት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ሲሆን፣ እሱም ጥቅምት ላይ ተከስክሷል። ቀጣዩ የተነሳው በዓመቱ ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ ቦምብ በወረደበት ቀን፣ በዓለም ላይ መብረር የሚችል አንድም ቢ-17 አልነበረም።

በዚያ ጦርነት ጣሊያን በብዛት ያሰማራቸው ካፕሮኒ 101 እና 133 ናቸው። ሦስት ሞተር አላቸው፤ ክንፋቸው ከላይ ነው፤ እግራቸው አይታጠፍም። የደሴን ታሪክ በሞዴል መሥራት የሚፈልግ ካፕሮኒ ይፈልግ።

«እኛም እኮ ቢ-17 ነበረን»

የነበረን የስዊድኑ ሳብ 17 ነው፤ አየር ኃይላችን ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተጠቅሞበታል። አንድ ሞተር ብቻ ያለው ትንሽ ቦምብ ጣይ ነው። ቁጥሩ ተመሳሰለ እንጂ ዝምድና የላቸውም።

«ትልቅ ስለሆነ ውስጡም በሙሉ መሠራት አለበት»

ብዙ ሰው ጀምሮ የሚተወው በዚህ ምክንያት ነው። ትልቅ ኪት (ያልተገጣጠመ ሞዴል) ሲገዛ ለየወንበሩ ቀበቶ፣ ለየሳጥኑ ሽቦ፣ ለየግድግዳው ቧንቧ ይሠራል። ከዚያ የአውሮፕላኑን ሁለት ጎን ሲገጥም ሁሉም ይቀበራል። ወላሂ፣ የሬዲዮ ክፍሉን ከዚያ በኋላ የሚያየው የለም።

ሙጫ ከመንካታችሁ በፊት ሁለቱን ጎኖች በማጣበቂያ ፕላስተር አያይዙና በየመስኮቱ የእጅ ባትሪ አብሩ። የሚታየውን ያኔ ታውቁታላችሁ። በቢ-17 ጂ አፍንጫው፣ ኮክፒቱ፣ የወገብ መስኮቶቹ፣ በሩ ክፍት ከተደረገ ደግሞ የቦምብ ክፍሉ ይታያል። ድካማችሁን እዚያ ላይ አውሉት።

ሞተሩ ግን ሌላ ነገር ነው። አራቱ ሞተሮች እያንዳንዳቸው ዘጠኝ ሲሊንደር አላቸው፤ ለአንድ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ። ሲደመር 72 የካንዴላ ሽቦ ይመጣል። አብሽሩ፣ ግማሹ ከኋላ ስለሆነ ከፊት የሚታየው 36 ብቻ ነው። 0.3 ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ በዚህ ስኬል አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ይሰጣል። ከተበላሸ ቻርጀር ወይም ከትንሽ ትራንስፎርመር ይወጣል። ማንም ሰው ሞዴሉን ከፊት ነው የሚያየው፤ ለእኔ ከማንኛውም ውድ መለዋወጫ በላይ ዋጋ ያለው ይህ ሥራ ነው።

«ሱፐር ግሉ ካለ ምን ይፈለጋል?»

የሞዴል ሙጫ የፖሊስታይሪኑን ፕላስቲክ አሟሙቶ ሁለቱን ክፍል ያዋህዳል። ሱፐር ግሉ መሃል ላይ ይደርቃል እንጂ አያዋህድም፤ ከደረቀ በኋላም በቀላሉ ይሰነጠቃል። አንድ ሜትር የሚጠጋ ክንፍ በተነሳ ቁጥር ጫናው ሥሩ ላይ ያርፋል፤ መጀመሪያ የሚለቀውም እዚያው ነው።

በግልጽ ፕላስቲኮቹ ላይማ ጨርሶ አይሞከርም። የሱፐር ግሉ ትነት መስኮቱን ነጭ ያለብሰዋል። ለእነሱ አናጢዎች የሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ ይበቃል፤ ሲደርቅ ግልጽ ይሆናል፣ የተረፈው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያና የጋራዥ ቲነርም ፕላስቲኩን ስለሚበሉት ከጠረጴዛው ይራቁ።

«አፍንጫው ውስጥ ለክብደት የእርሳስ ብረት ካልተጨመረ በጅራቱ ይቀመጣል»

ቢ-17 በባሕርይው በጅራቱ ነው የሚቆመው፤ ትንሿ ጎማ ከኋላ ናት። እንግሊዛዊው ላንካስተርም እንዲሁ። ክብደት የሚያስፈልጋቸው እንደ ቢ-24፣ ቢ-25 እና ቢ-29 ያሉ፣ የፊት ጎማ ያላቸው ናቸው። ለእነሱ ጎሚስታ ቤት የሚጣለው የባላንስ እርሳስ ግሩም ነው። ግን በነጭ ኮላ አታጣብቁት፤ ኮላው እርሳሱን ያዝገውና ከጊዜ በኋላ አብጦ ፕላስቲኩን ሊከፍተው ይችላል። ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚደርቅ ሙጫ) ተጠቀሙ።

«የቆርቆሮዎቹ መጋጠሚያ መስመሮች በጥቁር ቀለም ጎልተው መውጣት አለባቸው»

እስቲ በ32 አባዙት። ሞዴሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነ መስመር፣ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ 1.6 ሳንቲ ሜትር ስንጥቅ ማለት ነው። እንዲህ ክፍተት ባለው አውሮፕላን ማን ይሳፈራል? ፈዘዝ ያለ ግራጫ ይበቃል፤ ጥቁሩን ለሚከፈቱና ለሚንቀሳቀሱ ክፍሎች አቆዩት።

«ያልተቀባ አውሮፕላን ሁለመናው እንደ መስታወት ያበራል»

ከ1944 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ ከፋብሪካ የወጡት ቢ-17ዎች በአብዛኛው ያለ ቀለም ነበሩ። ቢሆንም የክንፉና የጅራቱ መሪ ክፍሎች በጨርቅ የተሸፈኑ ናቸው። ጨርቅ ደግሞ የብር ቀለም ይቀባል እንጂ እንደ ብረት አያበራም። እነሱን ደብዘዝ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

«በደሴ ብርድ ቀለም አይደርቅም፤ ኮምቦልቻ ወርዶ መቀባት ነው»

ይደርቃል፤ ይዘገያል እንጂ። ብርዱ ሳይሆን ጉሙ ነው ጠላቱ፦ እርጥበት ሲበዛ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ወተት መስሎ ይቀራል። የጦሳ ተራራ ጉም በለበሰበት ጠዋት ተዉት፤ ፀሐይ ስትወጣ ቀጥሉ። ኮምቦልቻ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ በሙቀቱ አክሪሊክ ቀለም (በውሃ የሚቀጥን) ኤርብራሹ (ቀለም መርጫው) ጫፍ ላይ ይደርቅና ይዘጋዋል። ደግሞስ አንድ ሜትር ክንፍ ታቅፎ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ በሚኒባስ የሚወርድ ማን ነው?