በአሜሪካ ምርጫ ሰሞን ስለ ግብር፣ ደመወዝና ኪራይ የምንሰማቸው ስህተቶች

የአሜሪካ ምርጫ በተቃረበ ቁጥር በሲልቨር ስፕሪንግ ካፌዎች፣ በኤርፖርት የታክሲ ወረፋ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሚጠጣው ቡና ላይ ክርክሩ ይጦፋል። መከራከሩ ደስ ይላል። የሚያሳስበኝ የብዙው ክርክር መነሻ የተሳሳተ መሆኑ ነው፤ በተለይ ፕሮግረሲቭ የሚባሉት፣ ማለትም የዴሞክራቲክ ፓርቲ ግራ ክንፍ ፖለቲከኞች፣ የሚያቀርቡት የኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲነሳ። መደገፍም መቃወምም የእያንዳንዱ ሰው መብት ነው። ከዚያ በፊት ግን ሐሳቡ እንዴት እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚወስንና ማን እንደሚከፍል ማወቅ ይገባናል። (ዓመታቱ ካልተጠቀሰ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሶሻሊስት ነኝ ካለ እንደ ደርግ ቤት ሊወርስ ነው»

ይህ ፍርሃት ከመሬት የተነሳ አይደለም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. በአንድ ዓመት ውስጥ ባንኮች ተወረሱ፣ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፣ በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አባቱ በልፋቱ የሠራውን ቤት በአንድ አዋጅ ሲነጠቅ ያየ ሰው «ሶሻሊስት» የሚለውን ስም ዋሽንግተን ወይም ኒውዮርክ ላይ ሲሰማ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ኖቬምበር 4 ቀን 2025 የኒውዮርክ ከንቲባ ሆኖ የተመረጠውን ዞህራን ማምዳኒን እንመልከት። ካምፓላ ተወልዶ ኒውዮርክ ያደገ፣ ራሱን ዴሞክራቲክ ሶሻሊስት ብሎ የሚጠራ ፖለቲከኛ ነው። ከዋና ዋና ቃል ኪዳኖቹ አንዱ የኪራይ ጭማሪን ማገድ ነበር። እገዳው የሚመለከተው ኪራያቸው በሕግ የተገደበ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ አፓርትመንቶችን ነው፤ ሌሎቹን ቤቶች አይነካም። ቤቱ የባለቤቱ እንደሆነ ይቀጥላል፣ ኪራዩንም የሚቀበለው እሱ ነው። በየዓመቱ የጭማሪውን ልክ በድምፅ የሚወስነው ከንቲባው የሚሾማቸው 9 አባላት ያሉት ቦርድ ሲሆን፣ ይኸው ቦርድ በከንቲባ ደ ብላሲዮ ዘመን በ2015፣ በ2016 እና በ2020 ለአንድ ዓመት ውል የሚደረገውን ጭማሪ ዜሮ አድርጎት ነበር። ሐሳቡን መቃወም ይቻላል፤ የአሮጌ ሕንፃ ባለቤቶች የጥገናና የመድን ወጪ እየጨመረ ኪራዩ ባለበት ከቆመ ሕንፃው ይበላሻል ይላሉ፣ ይህም መልስ የሚያስፈልገው ቁም ነገር ነው። ቤት መውረስ ግን አይደለም።

የሥልጣን ልክም አለ። ደርግ ፓርላማውን በትኖ በአዋጅ ያስተዳድር ነበር። የኒውዮርክ ከንቲባ ከሚሊዮን ዶላር በላይ በሚያገኙ ሰዎች ላይ 2 በመቶ የገቢ ግብር ልጨምር ቢል ኦልባኒ ያለው የስቴቱ ምክር ቤትና ገዥዋ ካልፈቀዱ አይችልም። አውቶቡስ በነጻ ይሁን የሚለውም የስቴቱን መሥሪያ ቤት ስምምነት ይጠይቃል። የማምዳኒን ቃል በደስታ የተቀበለ ወገናችንም ይህን ሊያውቅ ይገባል፤ ከንቲባ ብቻውን ሊፈጽማቸው የማይችላቸው ብዙ ናቸው።

«ብዙ ከሠራሁ ታክሱ ይበላኛል»

ኦቨርታይም ሲሰጣቸው «የግብር እርከን ያስለውጠኛል» ብለው እምቢ የሚሉ ታታሪ ሰዎች አሉ። በጣም የሚያናድደኝ ስህተት ይህ ነው፣ ምክንያቱም ከድሃ ኪስ ገንዘብ ያስወጣል። ለ2025 ያላገባ ሰው ከተቀናሾች በኋላ ግብር የሚከፈልበት ገቢው 48,475 ዶላር እስኪደርስ ድረስ ከፍተኛው መጣኔ 12 በመቶ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው 22 በመቶ ይከፈልበታል። እዚያ ወሰን ላይ የደረሰ ሰው 1,000 ዶላር ቢጨምር በ22 በመቶ የሚታሰበው ያ 1,000 ዶላር ብቻ ነው። 220 ዶላር ለፌዴራል ገቢ ግብር ይሄዳል፤ የሶሻል ሴኩሪቲና የስቴት ግብር ሳይታሰብ 780 ዶላር ይቀርለታል። የበፊቱ ገቢ በነበረበት መጣኔ ይቀጥላል።

ፍርሃቱ እውነት የሚሆንበት ቦታ ግብሩ ጋ ሳይሆን ድጎማው ጋ ነው። ሜዲኬይድን፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን፣ ባስፋፉ ስቴቶች የአንድ አዋቂ ገቢ ከድህነት ወለሉ 138 በመቶ ካለፈ ሽፋኑን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ተጨማሪ ሥራ ከመቀበል በፊት ሊሰላ የሚገባው ይህ ነው።

በ2019 የኒውዮርኳ የኮንግረስ አባል አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ ኮርቴዝ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ባለ ገቢ ላይ እስከ 70 በመቶ ግብር ሊጣል ይችላል ስትል፣ ተቃዋሚዎቿ የሰውን ገቢ 70 በመቶ ልትወስድ ነው ብለው አስወሩ። ወሬው የተሰራጨው ብዙ ሰው የእርከኑን አሠራር ስለማያውቅ ነው። ማሳቹሴትስ በ2022 በሕዝብ ድምፅ ከሚሊዮን ዶላር በላይ ባለው ገቢ ላይ 4 በመቶ ጨምሯል። ሀብታሞች ሁሉ ይሰደዳሉ ተብሎ ነበር፤ በ2024 የበጀት ዓመት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገባ፣ ገንዘቡም ለትምህርትና ለትራንስፖርት ነው።

«የደመወዝ ወለል ይጨመር የሚሉት ግራዎቹ ብቻ ናቸው»

በ2020 ፍሎሪዳ ትራምፕን መረጠች። በዚያው ቀን፣ በዚያው ወረቀት ላይ፣ የደመወዝ ወለሉ፣ ማለትም አሠሪ ሊከፍል የሚገባው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ፣ ደረጃ በደረጃ 15 ዶላር ይድረስ የሚለውን ወደ 61 በመቶ የሚጠጋ መራጭ ደገፈ። ሚዙሪም በ2024 እንደዚሁ አደረገች። ለፕሮግረሲቮቹ ይህ ድል ብቻ አይደለም፤ ፖሊሲያቸውን የሚወድ መራጭ እነሱን አልመረጠም። ሐሳባችን ተወዳጅ ስለሆነ እናሸንፋለን የሚለው ስሌታቸውም ስህተት ነው። ሐሳቡም ቢሆን በየቦታው አያልፍም፤ በ2024 ካሊፎርኒያ 18 ዶላርን በጠባብ ልዩነት ጥላለች። የፌዴራሉ ወለል ከጁላይ 2009 ጀምሮ 7.25 ዶላር ላይ ቆሟል።

የአንድ ሰው ድምፅ ምን ይለውጣል ለሚልም የሲታክን ነገር አስታውሳለሁ። የሲያትል ኤርፖርት የሚገኝባት ትንሽ ከተማ ናት። በ2013 የ15 ዶላር ደመወዝ ለምርጫ ሲቀርብ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ የኤርፖርት ሠራተኞች በቅስቀሳው ተሳትፈዋል። ያለፈው በ77 ድምፅ ልዩነት ነው።

«ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ነገሩ አልቋል»

የዲሲ አስተናጋጆች ታሪክ ሌላ ነው የሚናገረው። በቲፕ የሚሠራ ሰው ከሌላው ያነሰ መነሻ ደመወዝ አለው፤ ቲፑ ተደምሮ ሙሉውን ወለል ካልሞላ ልዩነቱን አሠሪው የመክፈል ግዴታ አለበት። ይህን ብዙ አስተናጋጅ አያውቅም፣ ሊያውቅ ይገባል። ዝቅተኛው መነሻ ይቅር የሚል ሐሳብ በ2018 በሕዝብ ድምፅ አለፈ፤ የከተማው ምክር ቤት በዚያው ዓመት ሻረው። በ2022 እንደገና ቀርቦ ከአራት መራጭ ሦስቱ ያህል ደገፉት። በ2025 ምክር ቤቱ ጭማሪው ከሙሉው ወለል 75 በመቶ ላይ እንዲቆም አደረገ። በእኛ ሬስቶራንቶች ውስጥ ባለቤቱም አስተናጋጁም ሐበሻ በመሆኑ ክርክሩ ቤት ውስጥ ገብቷል፣ ሁለቱም ወገን እውነተኛ ጭንቀት አለው። ሁለቱንም ጊዜ የመጨረሻውን ውሳኔ የሰጡት ግን የምክር ቤት አባላት ናቸው፤ እነሱ የሚመረጡበትን ቀን ደግሞ ብዙዎቻችን አናስታውስም።

«የዋጋ ንረት ቀነሰ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት ነው»

አይደለም። በጁን 2022 ዓመታዊው ንረት 9.1 በመቶ ነበር፤ በጁላይ 2024 2.9 በመቶ ሆነ። 100 ዶላር የነበረ አስቤዛ 109 ገብቶ ቀጥሎ ወደ 112 ቢሄድ ንረቱ ቀንሷል፣ ሸማቹ ግን የሚከፍለው 112 ነው። ዴሞክራቶች ኢኮኖሚው ጥሩ ነው እያሉ ቁጥር ሲያሳዩ ሕዝቡ የሚያየው ደረሰኙን ነበር። ቁጥሩ ውሸት አልነበረም፤ ሰው በኑሮው ከሚያየው ይልቅ ቁጥሩን እንዲያምን ለማድረግ መሞከራቸው ግን ከባድ ጥፋት ነበር።

«ለቤተሰብ ገንዘብ መስጠት ድህነትን አይቀንስም»

በ2021 የልጆች የግብር ቅናሽ ከፍ ተደርጎ ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ 3,600፣ ከዚያ በላይ ላለ 3,000 ዶላር ሆነ፤ ግማሹ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር በየወሩ ባንክ ገባ። መንግሥት ድጎማዎችን ጨምሮ በሚያሰላው መለኪያ የሕፃናት ድህነት በዚያ ዓመት ወደ 5.2 በመቶ ወረደ። ጭማሪው ሲቋረጥ በ2022 12.4 በመቶ ደረሰ። የተቋረጠው ውጤት ስላላመጣ አልነበረም። ሴኔቱ 50 ለ50 ተከፍሎ ነበር፤ ማራዘሚያውን የያዘውን ሕግ የዌስት ቨርጂኒያው ዴሞክራት ጆ ማንቺን አልደግፍም ስላሉ ድምፁ ጎደለ።