ቆጥሮ መጠበቅ፦ የደሴት ነዋሪዎችና የባሕራቸው ሕይወት

ለደሴት ነዋሪ በዙሪያው ያለው ጥልቀት የሌለው ባሕር ጓሮው ነው፤ የዕለት ጉርሱን የሚለቅመው ከዚያ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የባሕር ጥበቃ የሚባለው ነዋሪዎቹ ራሳቸው የዚህን ጓሮ አንድ ክፍል ከአጥማጅ ዘግተው፣ በውስጡ የሚኖረውን በየጊዜው እየቆጠሩና እየመዘገቡ የሚወስኑበት አሠራር ነው። ከመዝጋቱ ይልቅ ቆጠራው ትልቁ ጉዳይ ይመስለኛል።

በፊጂ የጎሳ አለቃ ሲሞት የባሕሩን አንድ ክፍል ለተወሰነ ጊዜ መዝጋት የቆየ ልማድ ነው፤ ክልከላውን «ታቡ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1997 በቪቲ ሌቩ ደሴት የምትገኘው የኡዙኒቫኑዋ መንደር ይህንኑ ልማድ ለጥበቃ አዋለችው። ካይኮሶ የተባለው፣ በጭቃና በባሕር ሣር ውስጥ የሚኖረው ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል እየጠፋ ስለነበር 24 ሄክታር ለ3 ዓመት ተዘጋ። የደቡብ ፓስፊክ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ቆጠራውን ሠርተው አልሄዱም፤ ለመንደርተኛው አስተማሩት። ሰዎቹ ከዳር ጀምረው 500 ሜትር ገመድ ዘርግተው በየ10 ሜትሩ ያገኙትን ቆጠሩ፣ ጻፉ፣ ስሌቱንም ራሳቸው ሠሩ። መጀመሪያ ላይ ከ5 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ካይኮሶ ማግኘት ብርቅ ነበር፤ በኋላ ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነው የተለመደ ሆነ። እጮቹን ውሃ ስለሚወስዳቸው ዛጎሉ ከተዘጋው ክልል ውጭም በዛ። ቁጥሩን በእጁ የጻፈ ሰው ክልከላውን እንዲያከብር ለማሳመን ብዙ አያደክምም። አጎራባች መንደሮችም ተከተሉ።

በፊሊፒንስ ደግሞ የአፖ ደሴት ዓሣ አጥማጆች ከሲሊማን ዩኒቨርሲቲና ከባዮሎጂ ሊቁ አንጄል አልካላ ጋር ለዓመታት ከተወያዩ በኋላ በ1982 የኮራሉን (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቡትን ዓለት መሰል አካል) ጥቂት ክፍል ዘጉ። ዓሣ ለማጥመድ የሚውሉት ዲናሚት (ፈንጂ) እና ሳያናይድ የተባለው መርዝ በአካባቢው ባሕር ብዙ ጉዳት ያደረሱበት ጊዜ ነበር። ከጊዜ በኋላ ከጠላቂ ጎብኚዎች የሚሰበሰበው ክፍያ ለጥበቃው ወጪ መዋል ጀመረ።

የመመዝገቢያው መንገድ ብዙ ነው። ጠላቂዎች በተዘረጋ ገመድ ላይ እየዋኙ በግራና በቀኝ ያለውን ዓሣ ይቆጥራሉ። ዌል ሻርክ የተባለው ግዙፍ ዓሣ በጎኑ ባለው ነጠብጣብ፣ ማንታ ሬይ የተባለው ሰፊና ጠፍጣፋ ዓሣ በሆዱ ባለው ጥቁር ምልክት አንዱ ከሌላው ስለሚለይ፣ ጎብኚ ያነሳው ፎቶ ሳይቀር ለመዝገቡ ይጠቅማል።

ድንበር ማስከበር የማይመልሰው ነገር ግን አለ። ሲሞቅ ኮራሉን የሚያነጣው ውሃ የመንደር ክልከላ አያግደውም። በ2011 እና በ2012 ማብቂያ የመቱት አውሎ ነፋሶች የአፖን የተዘጋ ኮራል ክፉኛ ሰባበሩት። የጠፋው ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ የተቻለው ዓሣውና ኮራሉ ከ1983 ጀምሮ ሲቆጠሩ ስለኖሩ ነው።