ሙላን፦ የመድረክ ልብስ የሚያርፍባት ከተማ

ቲያትር አልቆ መጋረጃ ሲዘጋ ልብሱ የት እንደሚገባ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ብዙውን ጊዜ ለሚቀጥለው ተዋናይ ይጠባል ወይም ይለቀቃል፣ ተተርትሮ ሌላ ልብስ ይወጣዋል፣ ሲያረጅ ይጣላል። ፈረንሳይ ውስጥ ሙላን የምትባል ከተማ ግን ለዚህ ልብስ ትልቅ ቤት አላት። ብሔራዊ የአልባሳትና የመድረክ ማዕከል የሚባል ሙዚየም ነው። የተከፈተው በ2006 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)፣ ያለውም አሊዬ ወንዝ ዳር።

ከፓሪስ በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጊዜ ያለው ሰው ግን በሳይክል ቢሄድ እመክራለሁ። የሎዋርን ወንዝ ተከትሎ የሚመጣው ዩሮቬሎ 6 የተባለ የሳይክል መንገድ በኔቨር ከተማ ያልፋል፤ ከዚያ ቪያ አሊዬ የሚሉት ቪ70 ወደ ደቡብ ይገነጠላል። እስከ ሙላን ወደ 60 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሻንጣ ለጫነ ሰውም የአንድ ቀን መንገድ።

አሊዬ እንደ ልቡ የሚሄድ ወንዝ ነው። ሲሞላ ዳርቻውን እየበላ መሄጃውን ይቀይራል፣ ሲጎድል ሰፊ አሸዋ አስጥቶ ይተዋል። ለዚህ ነው መንገዱ ሁልጊዜ ውሃው ጥግ የማይሄደው፤ በእርሻና በትንንሽ መንደሮች መሃል እየተጠማዘዘ ነው የሚወስዳችሁ። አሸዋው ላይ ወፎች እንቁላል ይጥላሉ፣ ስለዚህ በፈረንጆቹ በጋ ላይ ውረዱበት አልልም።

ከተማዋ በወንዙ ቀኝ፣ ሙዚየሙ በግራ ነው። የሚያገናኛቸው የሬዥሞርት ድልድይ፣ በ13 ቅስት የቆመ፣ 300 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የድንጋይ ሥራ ነው። ከሱ በፊት የተሠሩትን ወንዙ ጠርጓቸዋል፤ የቬርሳይ ቤተ መንግሥት አርክቴክት የነበረው ማንሳር የሠራውን እንኳ በ1710 ወስዶታል። መሐንዲሱ ሉዊ ደ ሬዥሞርት መፍትሔውን ከታች ነው ያገኘው፤ የወንዙን ወለል ራሱን በድንጋይ አነጠፈና ድልድዩን በላዩ አቆመ። እስካሁን አለ። ሳይክላችሁን እየገፋችሁ ቀስ ብላችሁ ተሻገሩት።

ሙዚየሙ ያረፈበት ሕንፃ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የፈረሰኛ ጦር ካምፕ ነው። በ1984 በቅርስነት ተመዝግቦ ነው ከመፍረስ የተረፈው። በኋላ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ኮሜዲ ፍራንሴዝ የተባለው ቲያትር ቤትና የፓሪስ ኦፔራ ልብሶቻቸውን አምጥተው አስቀመጡበት፤ ስብስቡ የተነሳው በ10,000 ያህል ልብስ ነው።

ከዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ የምታዩት ጥቂቱን ነው። ጨርቅን ብርሃን ይጎዳዋል፣ ቀለሙን ይመጠዋል፣ ሐሩን ያደርቀዋል። እናቶቻችን ጥሩውን ቀሚስ ከፀሐይ አርቀው ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጡት በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ አዳራሹ ደብዘዝ ያለ ነው፣ ልብሶቹ ለተወሰኑ ወራት ታይተው ወደ ጨለማ ይመለሳሉ፣ ኤግዚቢሽኑም በየጊዜው ይቀየራል። ደግማችሁ ብትሄዱ ሌላ ነገር ነው የምታዩት።

ጠጋ ብላችሁ እዩ። የመድረክ ልብስ የሚሰፋው ከሩቅ እንዲታይ ነው። ከወንበር ሆናችሁ ወርቀ ዘቦ የሚመስላችሁ፣ አጠገቡ ስትደርሱ በብሩሽ የተቀባ ቀለም ሊሆን ይችላል። ገበሩ ላይ የተዋናይ ስም የተጻፈባት ቁራጭ ጨርቅ ትሰፋለች፤ ልብሱ ወደ ሌላ ሲተላለፍ ሌላ ስም ይጨመራል። እኔ ከጥልፉ ሁሉ ይቺን እመርጣለሁ፤ ልብሱ ውስጥ ሰው እንደነበረ የምትናገረው እሷ ናት።

ከ2013 ጀምሮ ለባሌ ዳንሰኛው ሩዶልፍ ኑሬዬቭ የተለየ ክፍል አለ። በ1961 ከሶቪየት ኅብረት ከድቶ ፓሪስ ላይ የቀረው እሱ ነው፤ በኋላ የፓሪስ ኦፔራን ባሌ መርቷል። ስለ ልብስ ኃይለኛ ነበር። እግሩ ረዥም መስሎ እንዲታይ ጃኬቱ እንዲያጥር ይፈልግ ነበር፣ እጁን ሲያነሳ እንዳይዘው ደግሞ ብብቱ ሥር የሚለጠጥ ጨርቅ ይገባለት ነበር። ብብቱን ሳታዩ እንዳትወጡ። ክፍሉን ያዘጋጀው የመድረክ ንድፍ ባለሙያው ኤዚዮ ፍሪጄሪዮ ነው፤ ፓሪስ አቅራቢያ ያለውን የኑሬዬቭን መቃብርም ምንጣፍ አስመስሎ በሞዛይክ የሠራለት እሱ ነው።

አንድ ነገር፦ ኤግዚቢሽን ሲቀየር አዳራሹ ለጊዜው ይዘጋል። ኔቨር ላይ ፔዳል ከመርገጣችሁ በፊት ቀኑን አጣሩ።