የጀልባ ሞተር ካርቡሬተር፦ ችግሩን መለየትና ማስተካከል

ከጀልባ ኋላ ታስሮ፣ ፕሮፔለሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ የሚሠራው ሞተር አውትቦርድ ይባላል። በጣና፣ በሐዋሳና በጫሞ ላይ ጎብኚና መንገደኛ የሚያመላልሱ ብዙ ጀልባዎች የሚንቀሳቀሱት በዚህ ነው። ሞተሩን በሰፊው ለገበያ ያበቃው ኦሌ ኤቪንሩድ የተባለ፣ ከኖርዌይ ወደ አሜሪካ የሄደ መካኒክ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1909 ነበር። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1960 ተከተለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 የጀልባ ሞተር ጭስ ላይ ደንብ ካወጣች በኋላ አዳዲሶቹ ሞተሮች ቤንዚንና አየርን የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር እየተዉ፣ ቤንዚኑን በግፊት ወደሚረጨው ኢንጀክሽን ሄዱ። አሮጌው ግን በአፍሪካ ሐይቆችና ወንዞች ላይ ዛሬም ይሠራል። ኮምፒውተር የለውም፤ ቁልፍና ካቻቢቴ የያዘ ሰው ይፈታዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ አየሩ በካርቡሬተሩ ጠባብ ጉሮሮ ያልፋል። እዚያ ላይ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል። ያኔ ከታች ካለው የቤንዚን ሳህን ቤንዚኑ ተስቦ ይወጣና ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል። መጠኑን የምትወስነው ጄት የምትባል፣ መሀሏ የተበሳ ትንሽ የናስ ቁራጭ ናት። በሳህኑ ውስጥ ያለውን የቤንዚን ከፍታ የሚጠብቀው ደግሞ ተንሳፋፊ ነው፤ ሽንት ቤት የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ እንዳለችው ኳስ፣ ሳህኑ ሲሞላ ወደ ላይ ወጥቶ በመርፌ መግቢያውን ይዘጋል። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው በዝቅተኛ ዙር፣ ሲሠራ ቤንዚን የሚመጣው በቀጭኗ ጄት ነው። ነዳጅ ሲሰጠው ዋናዋ ጄት ትረከባለች። ይህን መለያየት የያዘ ሰው ግማሹን ምርመራ ጨርሷል።

ሞተር ሲያስቸግር ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚነካው የካርቡሬተሩን ብሎን ነው። በእኔ እይታ መነካት ያለበት መጨረሻ ላይ ነው። ትናንት በደንብ ሲሠራ የነበረ ሞተር ብሎኑ ሌሊቱን ራሱን አላዞረም። ስለዚህ ቅድሚያ የእሳት ብልጭታ ለሚሰጠው ካንዴላ፣ ለኮምፕሬሽኑ (በሲሊንደሩ ውስጥ ለሚታመቀው ግፊት) እና ለቤንዚኑ ነው። የታንከሩ ክዳን ላይ ያለችው የአየር ማስገቢያ ተዘግታ ስንት ካርቡሬተር በከንቱ ተፈቷል! አየር ካልገባ ቤንዚኑ አይወጣም። ሞተሩ ትንሽ ሄዶ ይጠፋል፣ ቆይቶ ይነሳል፣ ደግሞ ይጠፋል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀላል ፈተናዎች አሉ። አንደኛው በነዳጅ ቱቦው ላይ ባለችው የጎማ መጭመቂያ ነው። ሞተሩ ሊጠፋ ሲል ጨመቅ ጨመቅ ሲያደርጓት ነፍስ ከዘራ፣ ጥፋቱ ከካርቡሬተሩ በፊት ነው፦ የነዳጅ ፓምፑ ደክሟል፣ ቱቦው አየር ይስባል፣ ወይም ፊልትሮው ተደፍኗል። ሁለተኛው ቾክ፣ ማለትም አየሩን ቀንሶ ቤንዚኑን የሚያበዛው መሳቢያ፣ ነው። ሞተሩ እየሠራ ቾኩን በትንሹ ሳብ ሲያደርጉት ከተሻለው ቤንዚን ጎድሎታል። ከባሰበት ቤንዚን በዝቶበታል። ካንዴላውም ይመሰክራል። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ የነጣ ከሆነ አንሷል፤ ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው።

ሚኒሞ ላይ እየጠፋ በፍጥነት ሲሄድ ግን ደህና የሆነ ሞተር፣ ብዙውን ጊዜ ቀጭኗ መንገድ ተደፍናበታለች። በተቃራኒው ሚኒሞው ጥሩ ሆኖ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው የሚያንቀው ከሆነ፣ ዋናዋ ጄት ወይም የነዳጅ ፓምፑ ይጠረጠራል። ከጉሮሮው ቤንዚን የሚንጠባጠብ ከሆነ ደግሞ መርፌዋ አልዘጋችም ወይም የተንሳፋፊው ከፍታ ተበላሽቷል።

የመደፈኑ ዋና ምክንያት መቆም ነው። ሳህን ውስጥ ለወራት የቆየ ቤንዚን ይተንና ሙጫ የመሰለ ነገር ይተዋል። ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ደግሞ እርጥበት ይስባል፤ በኢትዮጵያ ድብልቁ እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ላይ በ5 በመቶ ነው የጀመረው። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ሳህኑ ሥር ይቀመጣል፤ ጄቷም ያለችው እዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ ጀልባው ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ ሳህኑ ይራገፋል። ሲጸዳም የጎማ ክፍሎቹ መጀመሪያ ይወጣሉ፣ ከዚያ በካርቡሬተር ማጽጃና በኮምፕሬሰር አየር ይነፋል። ሽቦ ወደ ጄት ማስገባት መጥፎ ልማድ ነው። ቀዳዳዋ ለዓይን በማይታይ መጠን እንኳ ከሰፋች ልኩ ጠፋ።

ማስተካከሉ የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። የሚኒሞው ድብልቅ ብሎን ቀስ ተብሎ እስኪቆም ይጠበቅና መመሪያው በሚለው ልክ ይፈታል፤ በብዙ ሞተሮች ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ዙር ነው። በኃይል ማጥበቅ ጫፉን ይጎዳል። ቀሪው ሥራ ሞተሩ ሞቆ፣ ጀልባው ውሃ ላይ ሆኖ፣ ማርሽ ውስጥ ገብቶ ነው። ደረቅ መሬት ላይ የተስተካከለ ሚኒሞ ፕሮፔለሩ ውሃ ሲገፋ ይጠፋል፤ ከዚህም በላይ ያለ ውሃ ማስነሳት የማቀዝቀዣውን ፓምፕ ያቃጥላል። ሞተሩ እስኪንተፋተፍ ብሎኑ ይጠበቃል፣ ከዚያ ቤንዚን በዝቶበት እስኪከብደው ይፈታል፣ መሀል ላይ ይቆማል። ከመሀል ትንሽ ቤንዚን ወደሚበዛበት ማድላት ይሻላል። ሁለትና ሦስት ካርቡሬተር ያለው ከሆነ ነዳጅ ሲሰጥ ጉሮሮውን የሚከፍቱት ክዳኖች ሁሉ እኩል መከፈታቸው መረጋገጥ አለበት። አለዚያ አንዱ ሲሊንደር ለሌላው ይሸከማል።

ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ በሚሰጠው ቱ ስትሮክ ሞተር ላይ የቤንዚን ማነስ አደገኛ ነው፤ ዘይቱን ለፒስተኑ የሚያደርሰው ያው ቤንዚን ስለሆነ። የተለመደው ልክ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ነው። «ለጥንቃቄ» ብሎ ዘይት መጨመር ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው። ግን ዘይቱ በበዛ ቁጥር በጄቷ የሚያልፈው ቤንዚን ይቀንሳል።

ለእኛ አገር ትልቁ ጉዳይ ከፍታ ነው። ሞተሮቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ጄታቸው ብዙውን ጊዜ ለባሕር ጠለል የተለካ ነው። ጣና ግን ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። እዚያ አየሩ በ16 በመቶ ገደማ ይሳሳል። የሚገባው አየር ሲቀንስ ቤንዚኑ በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭስ ይበዛል፣ ቤንዚን ይባክናል። መፍትሔው ዋናዋን ጄት በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር ማሳነስ ነው። የጠፋው ጉልበት ግን በጄት አይመለስም። ለእሱ የሚረዳው የክንፎቹ ዘንበልታ (ፒች፣ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት በኢንች) ያነሰ ፕሮፔለር ነው፤ አንድ ኢንች ሲቀንስ የሞተሩ ዙር በደቂቃ 200 ገደማ ይጨምራል። ባሕር ዳር ላይ ሞተሩ ደከመ ተብሎ ሲፈታ ጥፋቱ ፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመ እምቦጭ ሊሆን ስለሚችል፣ ጎንበስ ብሎ ማየት አይከፋም።

ጄቷን ያሳነሰ ሰው የድሮዋን መጣል የለበትም። ያው ሞተር ተሽጦ ወደ ጋምቤላ ባሮ ላይ ቢወርድ፣ ከፍታው 500 ሜትር አካባቢ ነው፤ አየሩ ወፍሮ ይጠብቀዋል። በትንሿ ጄት ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት ከሄደ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ይግላል፣ ፒስተኑም ይበሳል። ስለዚህ ትልቋ ጄት ከሞተሩ ጋር አብራ ትሸጣለች፣ ውሃ ላይ ከመውጣቱ በፊትም ትመለሳለች።