ሊንክና አንከር፦ ሰፈሩ ድረስና በሩ ድረስ

ጅማ ውስጥ መንገድ ለጠየቃችሁ እንግዳ የቤት ቁጥር አትነግሩትም። "ፈረንጅ አራዳ ስትደርስ ደውልልኝ" ትሉታላችሁ። ደርሶ ሲደውል ደግሞ "በቀኝህ አረንጓዴ በር አለ፣ እሱን አንኳኳ" ይባላል። ድረ ገጽ ላይም ሥራው ለሁለት የተከፈለው እንዲሁ ነው። ሊንክ ሰውየውን ሰፈሩ ድረስ፣ ማለትም ገጹ ድረስ ያመጣዋል፣ አንከር በሩ ላይ፣ ገጹ ውስጥ የሚፈልገው ቦታ ላይ ያቆመዋል። የመጀመሪያውን ሁሉም ያውቃል። ሁለተኛው ግን ገጹን የምንጽፍበት ኤዲተር ውስጥ ተቀምጦ የሚነካው የለም።

ስሙ ላይ ብዙም አንጣላ። "ማስፈንጠሪያ" የሚሉ አሉ፣ "አገናኝ" የሚሉ አሉ፣ "መያያዣ" የሚሉም አሉ። ቴሌግራም ላይ ግን "ሊንኩን ንኩት" ነው፣ አለቀ። አንከር ማለት የመርከብ መልሕቅ ነው፤ እኛ ጅማዎች ያለን አዌቱ ወንዝ ነውና፣ እሱ ላይ መልሕቅ የሚጥል ስለሌለ እኔም አንከር እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሐሳቡ ከኢንተርኔት ይቀድማል። አሜሪካዊው ቫኒቫር ቡሽ በ1945 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ አንዱን ሰነድ ከሌላው ጋር የሚያያይዝ ሜሜክስ የሚባል መሣሪያ አስቦ ነበር፣ መሣሪያው ግን ሳይሠራ ቀረ። "ሃይፐርቴክስት" የሚለውን ቃል ቴድ ኔልሰን በ1965 አመጣው። በ1968 ዳግላስ ኤንገልባርት ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ በማውዝ እየነካ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሲሻገር አሳየ። ዛሬ የምንጠቀምበትን ድር ደግሞ ቲም በርነርስ ሊ ሰርን በሚባለው የምርምር ማዕከል ሆኖ በ1989 አቀደው፣ በ1991 ለሕዝብ ተከፈተ። አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ብሪቲሽ ቴሌኮም "ሊንክ የኔ ፓተንት ነው" ብሎ በ2000 ፕሮዲጂ የተባለውን የአሜሪካ ድርጅት ከሶ ነበር። በ2002 ፍርድ ቤቱ ውድቅ አደረገው። ባይሆን ኖሮ አንዷን ሊንክ በነካን ቁጥር ለማን ልንከፍል እንደነበር አስቡት።

አሁን ወደ ኤዲተሩ። ድረ ገጽ የሚሠራበት ዎርድፕረስም ሆነ ሌላው፣ ሁሉም ጋ አካሄዱ ያው ነው። ጽሑፉን ሴሌክት ታደርጋላችሁ፣ የሰንሰለት ሥዕል ያለባትን ምልክት ትጫናላችሁ፣ ሳጥን ይከፈታል፣ አድራሻውን ፔስት ታደርጋላችሁ። ማውዝ ለሰለቸው ኮንትሮልና ኬ አለ፣ ብዙ ቦታ ይሠራል። ከጀርባ የሚጻፈው ኮድ ደግሞ አንዲት ፊደል ናት፣ "ኤ"። የሚገርመው እሷም "አንከር" የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ናት። በድሮው አሠራር መነሻውም መድረሻውም አንከር ይባል ስለነበር ነው። ዛሬ መነሻውን ሊንክ እንለዋለን፤ መድረሻው "አይዲ" የሚባል ስም ይሰጠውና አንከር የሚለው መጠሪያ ለእሱ ቀረ።

አንከር ለማድረግ መጀመሪያ መድረሻው ላይ ስም ትለጥፋላችሁ። ዎርድፕረስ ውስጥ ርዕሱን ነክታችሁ በጎን ካለው ማስተካከያ "አድቫንስድ" የሚለውን ስትከፍቱ "ኤችቲኤምኤል አንከር" የሚል ባዶ ቦታ ታገኛላችሁ። አንዳንድ ኤዲተር ላይ የባንዲራ ሥዕል ያለበት ቁልፍ ነው። ከዚያ ሊንኩ ሳጥን ውስጥ የሃሽ ምልክት (#) ታስቀድሙና ያንኑ ስም ትጽፋላችሁ። ከሌላ ገጽ የሚመጣ ሊንክ ከሆነ ሙሉ አድራሻው ይቀድማል፣ ሃሹና ስሙ መጨረሻ ላይ ይቀጠላሉ። በቃ ይኸው ነው። እዚያው ገጽ ላይ ሲሆን ደግሞ ብሮውዘሩ ገጹን እንደገና አያወርድም፣ ያለበት ላይ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ። በሜጋባይት ፓኬጅ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስሙ የራሱ ሕግ አለው። ባዶ ቦታ አይገባበትም፣ አንድ ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ አይደገምም፣ ሊንኩ ላይ የተጻፈው መድረሻው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። በላቲን ፊደል ሰዎች የሚሳሳቱት ትልቁንና ትንሹን ፊደል እያምታቱ ነው። እኛ እሱ የለብንም። የኛ ጣጣ ሌላ ነው።

የአጎቴ ልጅ የጅማ በርጩማ ይሸጣል፣ ባለ ሦስት እግሩን። አንድ ገጽ ሠራንለት፣ ረጅም፣ ከላይ ማውጫ ያለው፦ ሥዕል፣ ዋጋ፣ አድራሻ። ዋጋ ሲነካ ዋጋው ጋ ይሄዳል። አድራሻም ይሄዳል። ሥዕል የሚለው ግን ምንም። ስሕተት ነው የሚል ጽሑፍ እንኳ አይመጣም፣ ዝም። ብሮውዘር ያልተገኘ አንከር ሲያጋጥመው ባህሪው እንዲህ ነው፣ አይጮህም። ግማሽ ሰዓት ፈለግን። እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እሱ ስክሪኑ ላይ ያያል፣ "ልክ ነው" ይላል። ለካ እኔ ርዕሱ ላይ "ሥዕል" ብዬ በንጉሡ ሠ ጽፌያለሁ፣ እሱ ሊንኩ ላይ "ስዕል" ብሎ በእሳቱ ሰ። ለጆሮ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን እንደ ማርና ቡና የተለያዩ ናቸው። ሀ፣ ሐና ኀ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዚሁ ናቸው።

የግዕዝ ፊደል በአንከር ስም ውስጥ ይፈቀዳል፣ ችግሩ ሊንኩን ኮፒ አድርጋችሁ ስትልኩት ነው። እያንዳንዱ ፊደላችን በኮምፒውተር ውስጥ 3 ባይት (የኮምፒውተር የመረጃ መለኪያ) ይይዛል፣ አድራሻ ላይ ሲገባ እያንዳንዱ ባይት የፐርሰንት ምልክትና ሁለት ቁምፊ ይሆናል። "ቡና" ብላችሁ የጻፋችኋት 18 ቁምፊ ሆና ትወጣለች፣ "አድራሻ" 36። ይሠራል፣ ግን ቴሌግራም ላይ የሚያየው ሰው ቫይረስ የላካችሁለት ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ለአንባቢ የሚታየውን ርዕስ በአማርኛ አድርጉ፣ የአንከሩን ስም በላቲን፣ አጭር። ከዚያ በኋላ እኛም ቀይረነው ተገላገልን።

የስልክ ሊንክ የሚረሳ ነገር ነው፣ ለነጋዴ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ሳጥኑ ውስጥ በድር አድራሻ ፈንታ "ቴል" የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ፣ ሁለት ነጥብ (:) አድርጋችሁ፣ ቁጥሩን ታስከትላላችሁ። ደንበኛው ቁጥሩን ሲነካው ስልኩ መደወያውን ይከፍትለታል። ቁጥሩን በ+251 ጀምሩት፣ የፊቷን ዜሮ ጣሏት። የጅማ መደበኛ ስልክ በ047 ስለሚጀምር ሊንኩ ውስጥ +25147 ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ከውጭ አገር የሚደውል ዘመድም አይቸገርም።

ሊንኩ ላይ የሚታየው ጽሑፍስ? "እዚህ ይጫኑ" የሚለውን እኔ በበኩሌ አልወደውም። "ና ብቻ" እንደ ማለት ነው፣ የት እንደምሄድ አልነገርከኝም። ማየት የተሳናቸው ሰዎች የሚጠቀሙበት ስክሪን ሪደር ገጹ ላይ ያሉትን ሊንኮች ብቻ ለይቶ ሊያነብላቸው ይችላል፤ "እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህ" የሚል ዝርዝር ምን ያደርግላቸዋል? "የበርጩማ ዋጋ" ብሎ መጻፍ አንድም ቃል አይጨምርም። ቀለም ብቻም አይበቃም፣ ከሥሩ መስመር ይኑረው።

በስሕተት በኩል እኔ ሀብታም ነኝ። አንድ ጊዜ የዋጋ ዝርዝሩን ፒዲኤፍ ከራሴ ላፕቶፕ ዴስክቶፕ ላይ ሊንክ አደረግሁት። እኔ ጋ ይከፈታል፣ ሌላ ሰው ጋ አይከፈትም። ፋይሉ ያለው የኔ ማሽን ውስጥ ነዋ! መጀመሪያ ድረ ገጹ ላይ አፕሎድ መደረግ ነበረበት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሊንኩን ከኤዲተሩ መስኮት ኮፒ አድርጌ ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። ሰው ሁሉ "ፓስዎርድ አስገባ ይለኛል" ብሎ መለሰ፤ ለካ የላክሁት እኔ ገብቼ የምጽፍበትን መስኮት አድራሻ ነው። የውጭ አድራሻ ስትጽፉም መጀመሪያው ላይ ያለውን "ኤችቲቲፒኤስ" አትዝለሉት። ካልተጻፈና ኤዲተሩም ካልሞላላችሁ፣ ብሮውዘሩ የራሳችሁ ገጽ ውስጥ ያለ ነገር ይመስለውና ፈልጎ ሲያጣ 404፣ ማለትም "ገጹ አልተገኘም" ያሳያል።

የሚያየውን ሰው ግራ የሚያጋባ ሌላ ነገር አለ። ሜኑአችሁ ከላይ ተጣብቆ የሚቀር ከሆነ አንከሩ ልክ ቦታው ላይ ቢያደርስም ርዕሱ ከሜኑው ሥር ይደበቃል። "ዋጋ" ብሎ የነካ ሰው ርዕሱን ሳያይ ቁጥሩ ላይ ያርፋል። ለዚህ "ስክሮል ማርጂን ቶፕ" የሚባል የሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ) ትእዛዝ አለ፣ የሜኑውን ቁመት ያህል ክፍተት ይሰጠዋል።

ርዕስ ስትቀይሩም ተጠንቀቁ። የአንከሩን ስም ራሳቸው ከርዕሱ የሚያወጡ ኤዲተሮች አሉ። "ዋጋ" የነበረውን "የዘንድሮ ዋጋ" ስትሉት ስሙም አብሮ ሊቀየር ይችላል፣ ያን ጊዜ ትናንት ለሰው የላካችሁት ሊንክ ገጹን ከላይ ብቻ ይከፍታል።

የራሳችሁ ያልሆነ፣ አንከር ያልተደረገበት ገጽስ? ለዚያም መላ አለ። ጎግል ክሮም በ2020 በወጣው 80ኛ ቨርዥኑ ገጽ ውስጥ ያለን ዓረፍተ ነገር በቀጥታ የሚያሳይ ሊንክ መቀበል ጀመረ። ለምሳሌ ስለ ጅሬኑ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ረጅም ጽሑፍ አግኝታችሁ አንዷን አንቀጽ ብቻ ለጓደኛ መላክ ብትፈልጉ፣ ጽሑፉን ሴሌክት አድርጋችሁ፣ በማውዙ ቀኝ ጫን ስትሉ ሊንኩን ኮፒ የሚያደርግ ምርጫ ይመጣል። ጓደኛችሁ ሲከፍተው አንቀጿ ቀለም ተቀብታ ትታየዋለች። የገጹ ባለቤት በመሃል ዓረፍተ ነገሩን ከቀየረው ግን ገጹ ከአናቱ ይከፈታል፣ አንቀጿን እሱ ራሱ ወርዶ ይፈልጋት።