ለሃይድራዴናይቲስ ሰፑራቲቫ የሚሰጥ የሌዘር ቀዶ ሕክምና

ሃይድራዴናይቲስ ሰፑራቲቫ በብብት፣ በብሽሽት፣ በመቀመጫና በጡት ሥር እየተመላለሰ የሚወጣ፣ የሚያመረቅዝና ጠባሳ ትቶ የሚያልፍ ሥር የሰደደ የቆዳ ብግነት ነው። ስሙ የላብ ዕጢን የሚጠቅሰው በ19ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊው ሐኪም አሪስቲድ ቬርኔይ ሕመሙ ከዚያ የሚነሣ መስሎት ስለነበር ሲሆን፣ ዛሬ ግን መነሻው የፀጉር መውጫ ቀዳዳ መደፈን እንደሆነ ታውቋል። የተደፈነው የፀጉር ከረጢት ከቆዳ በታች ሲፈነዳ አካባቢው ይቆጣል፣ መግል ይቋጥራል፣ እየቆየም እባጮቹን እርስ በርስ የሚያገናኝ ቦይ ይፈጠራል። የቦዩ ውስጥ እንደ ቆዳ ያለ ሽፋን ስለሚያበጅ በመድኃኒት ብቻ አይዘጋም፤ እንደ ተራ ብጉንጅ ቢበጣም ሕመምተኛው ለጥቂት ቀን ያርፋል እንጂ አይድንም። ሕመሙ ተላላፊ አይደለም፣ በንጽሕና ጉድለትም አይመጣም፤ ይህን ባለማወቅ ብዙዎች አፍረው ለዓመታት መደበቃቸው ያሳዝናል።

ለቀዶ ሕክምናው በዋናነት የሚያገለግለው እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ በኩማር ፓቴል የተፈለሰፈው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ነው። የሞገድ ርዝመቱ 10,600 ናኖሜትር ያህል የሆነውን ይህን ጨረር ውኃ አጥብቆ ስለሚውጠው፣ በሥጋ ውስጥ ያለው ውኃ በቅጽበት ይተንናል፤ ጥቃቅን የደም ሥሮችም አብረው ስለሚታሸጉ ደም ብዙ አይፈስስም። ሐኪሙ የሚሠራበት ቦታ በደም ስለማይሸፈንበት የታመመውን ሥጋ ንብርብር በንብርብር እያነሣ፣ ጤናማው ስብ እስኪታይ ድረስ መውረድ ይችላል። የዘዴው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ የተሰወረ የቦይ ቅሪት ከኋላ ከቀረ ሕመሙ እዚያው ያገረሻልና። እ.ኤ.አ. በ1994 የስቶክሆልም ሐኪሞች ያሳተሙት ጽሑፍ ዘዴውን ካስተዋወቁት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው።

ቁስሉ ብዙውን ጊዜ በክር አይሰፋም፤ ክፍት ሆኖ ከሥሩ እየሞላ፣ እንደ ስፋቱ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይድናል፤ እስከዚያው በየጊዜው መታጠብና መሸፈን አለበት። በብብት የሚቀረው ጠባሳም አብዛኛውን ጊዜ ክንድን ከማንሣት አያግድም። ትንሽ ቦታ ከሆነ በአካባቢ ማደንዘዣ ይሠራል፤ ለሰፊው ግን ሙሉ ማደንዘዣ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣውና ሕመሙን በሦስት ደረጃ በሚከፍለው የሃርሊ ምደባ መሠረት፣ ይህ ቀዶ ሕክምና ይበልጥ የሚመከረው ቦይና ጠባሳ ለተፈጠረባቸው ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ደረጃ ሕሙማን ነው። ገና ባልተነካ ቦታ አዲስ እባጭ እንዳይወጣ ግን ሌዘሩ አይከላከልም፤ ስለዚህ ማጨስን ማቆምና እንደ አዳሊሙማብ ያሉ ብግነት አብራጅ መርፌዎች ጎን ለጎን ይታዘዛሉ።

ለዚሁ ሕመም የሚያገለግለው ሌላው የሌዘር ዓይነት፣ የ1,064 ናኖሜትሩ ኤንዲ ያግ፣ ግን ሥጋ አይቆርጥም፤ በተደጋጋሚ ቀጠሮ የፀጉሩን ሥር በሙቀት ያጠፋል።